ስደተኛዋን ልጅ ሰሌዳ ፊት አያቁሟት

ጥያቄ፦ «ጎንደር ከተማ ውስጥ የ9ኛ ክፍል የዜግነት ትምህርት መምህርት ነኝ። ሰሞኑን ስለ ሰብዓዊ መብትና ስለ ስደተኞች ማስተማር እጀምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ 60 ገደማ ተማሪ አለ። ከሌላ አካባቢ ተፈናቅለው የመጡ አሉ፤ አንዲት ኤርትራዊት ስደተኛም አለች። ርእሰ መምህሩ ልጅቷ ወጥታ ታሪኳን ብትናገር ጥሩ ነው ብለውኛል። ተማሪዎቹን ዳባት አጠገብ ወዳለው መጠለያ ወስዶ ማስጎብኘት የሚል ሐሳብም ተነሥቷል። እኔ ደግሞ የምፈራው "የራሳችን ተፈናቃይ እያለ የሌላ አገር ሰው ምን አስጨነቀን?" የሚለውን ጥያቄ ነው። ፕሮጀክተር የለንም፤ መብራቱም እንደ ቀኑ ነው። ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦

ሰላም መምህርት። የሚያጣድፈውን ላስቀድም። ልጅቷን አያስወጧት።

ርእሰ መምህሩ በቅንነት እንዳሉት አልጠራጠርም። በብዙ ትምህርት ቤት የሚደረገውም ይኸው ነው። ግን እስቲ ያስቡት። 60 ልጅ፣ ግማሹ ኪሱ ውስጥ ስልክ አለ። እሷ ተናግራ ሳትጨርስ አንዱ ቀርጿታል፤ ማታ ላይ ቲክቶክ ነው። ከኤርትራ የወጣ ሰው ዘመዱ እዚያው ነው የቀረው። እዚህ የተናገረችው እዚያ ላለች አክስቷ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። ይህን ደግሞ የ15 ዓመት ልጅ፣ ያውም መምህሯ ጠይቃት፣ አመዛዝና «እምቢ» ማለት አትችልም። መምህር ሲጠይቅ እሺ ነው የሚባለው።

ስታለቅስ ክፍሉ አብሯት ያለቅሳል። ከዚያ ደወል ይደወላል። በማግስቱ ምን ተማራችሁ ብለው ቢጠይቁ «አንጀታችንን በላችው» ነው የሚሉዎት። ማዘናቸው ክፉ አይደለም። ግን ስለ መብት አንዲት ነገር ሳያውቁ ወጡ። ልጅቷ ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲያ በስሟ የሚጠራት አታገኝም፤ «ያቺ ያለቀሰችው» ሆና ትቀራለች።

ይልቅ ትምህርቱ ከመጀመሩ ሁለት ሦስት ቀን አስቀድመው ለብቻዋ ያነጋግሯት። አጭር ይሁን። «በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ስደተኞች እንማራለን። አንቺን ምንም አልጠይቅሽም። ከከበደሽ ላይብረሪ ሄደሽ መቀመጥ ትችያለሽ፤ ለምን አልልሽም።» ይህን ይበሏትና ያብቃ። ራሷ መናገር ከፈለገች ስለ ምን እንደምትናገር የምትመርጠው እሷ ናት። ምናልባት ስለ ጉዞዋ ትንፍሽ ማለት አትፈልግም፤ ስለ ብስክሌት ግን አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ታወራ ይሆናል። ቢንያም ግርማይ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ሦስት ዙር አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ሲወስድ አስመራ እንዴት እንደሆነች ማን ከእሷ የተሻለ ይነግረናል?

የተፈናቀሉትን ልጆች ግን ለየብቻ አይጥሯቸው። ስም ተይዞ ሲጠራ ይደነግጣሉ፤ ዝርዝር የወጣ ይመስላቸዋል። ለክፍሉ በሙሉ ይናገሩ፦ በዚህ ምዕራፍ ማንም ስለ ራሱ ወይም ስለ ቤተሰቡ እንዲናገር አይገደድም፤ «ከየት መጣህ፣ ማን አባረራችሁ» ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው፤ መቅረጽም ክልክል ነው። እነዚህን ሰሌዳው ጥግ ላይ ጽፈው ምዕራፉ እስኪያልቅ እንዳይጠፉ ያድርጉ። በአሁኑ ጊዜ በጎንደር አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ሦስት ልጆች ቤት ሦስት ዓይነት ወሬ ነው የሚወራው። ክፍልዎ የማን ወገን ጥፋተኛ እንደሆነ የሚፈረድበት ቦታ ከሆነ ትምህርቱ እዚያው ላይ አለቀ።

አሁን ከየት ልጀምር ወዳሉት ልምጣ። ስለ ስደተኛ ስናስተምር ሁላችንም የለመድናት አንዲት መንገድ አለች። ንጉሥ ነጃሺን እንጠራለን። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ የሸሹትን የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች እንዴት እንደተቀበለ እንተርካለን። ከዚያ «ኢትዮጵያ እንግዳ ተቀባይ ናት» ብለን እንዘጋለን። ታሪኩ ያኮራል፤ አይተዉት። ግን እዚያ ላይ አይዝጉት።

እንግዳ መቀበል ቸርነት ነው። ቸር ሰው ደግሞ ይደክመዋል። አገር ቤት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ሲል «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» ይባላል። እግሩ ይታጠባል፣ ካለው ላይ እራት ይቀርብለታል፣ መደብ ይለቀቅለታል። ከልጆቹ ብዙዎቹ አያታቸው ቤት ይህን አይተው ወይም ሰምተው ያድጋሉ። ከዚህ ይጀምሩና ይጠይቋቸው። እንግዳው ሲነጋ ባይሄድስ? ሳምንት ቢሰነብትስ? «ሥራ ልፈልግ፣ ልጄን ትምህርት ቤት ላስገባ» ቢልስ? ባለቤቱ «አሁንስ በዛ» ቢለው ማን ዘንድ ሄዶ አቤት ይላል? ክፍሉ እዚህ ላይ መንጫጫት ይጀምራል። ይንጫጫ። የመብት ጉዳይ የሚመጣው የባለቤቱ ደግነት ካለቀ በኋላ ነው።

ይህን በምሳሌ ብቻ አይተዉት፤ ቅርብ የሆነ እውነት አለ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ በጦሩና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ተነሣ። በመተማ በኩል በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ገባ። ምዕራብ ጎንደር ውስጥ ኩመርና አውላላ የሚባሉ መጠለያዎች ተከፈቱ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ብዙ ሱዳናውያን «እንዘረፋለን፣ እንጠቃለን፣ ደኅንነት የለንም» ብለው ከመጠለያ ወጥተው ጫካና መንገድ ዳር ሰፈሩ። እንግዳ ተቀባይነታችንን እየነገርን ይህን ከደበቅን ልጆቹ ይታዘቡናል። ሕግ የሚያስፈልገው እንዲህ ላለው ቀን ነው ብለው ይንገሯቸው። የአካባቢው ገበሬም በዚያው ወቅት ደኅንነት እንዳልነበረው አብረው ይናገሩ፤ እውነቱ ሁለቱም ነው።

ከዚያ ወደ ሰነዶቹ ይግቡ። የሰብዓዊ መብቶች ሁሉ አቀፍ መግለጫ የጸደቀው ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ነው። 48 አገሮች ደገፉ፣ 8 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፣ የተቃወመ የለም። ኢትዮጵያ ከ48ቱ አንዷ ነበረች። መግለጫው 30 አንቀጽ አለው። እባክዎን ሠላሳውንም አያሸምድዷቸው። እኔ ብሆን አራት እመርጣለሁ፦ 13፣ 14፣ 15 እና 26። ከአገር የመውጣትና የመመለስ መብት፣ ጥገኝነት የመጠየቅ መብት፣ ዜግነት የማግኘት መብት፣ የመማር መብት። አራቱ ተደርድረው ሲነበቡ የአንድ ስደተኛ ልጅ ሕይወት ናቸው።

አንቀጽ 14 ላይ ትንሽ ይቆዩ። ማንኛውም ሰው ሲሳደድና በደል ሲደርስበት በሌላ አገር ጥገኝነት የመጠየቅና ካገኘም በዚያ ተጠብቆ የመኖር መብት አለው ይላል። ጎበዝ ተማሪ «ታዲያ ያ አገር የመስጠት ግዴታ አለበት ወይ?» ይላል። ካላለ እርስዎ ይጠይቁ። መግለጫው እስከዚያ አልሄደም። መንግሥታቱ አልፈለጉም። ክፍተቱን በከፊል የዘጋው እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 33 ነው። ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት ቦታ ስደተኛን መመለስ ክልክል ነው ይላል። ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ ግን ጠባብ ናቸው። ከዚህ ምዕራፍ ተማሪዎ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ይውጣ ቢባል እኔ የምመርጠው ይህንን አንቀጽ ነው።

ስደተኛ ማን ነው የሚለው ላይ ሦስት ደረጃ አለ። የ1951ዱ ስምምነት አምስት ምክንያት ይቆጥራል፦ ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባልነትና የፖለቲካ አመለካከት። ከእነዚህ በአንዱ እሳደዳለሁ የሚል በቂ ሥጋት ያለው፣ ከአገሩም የወጣ ሰው ስደተኛ ነው። ስምምነቱ የተጻፈው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ስለሆነ ሐሳቡ አውሮፓ ላይ ነበር። ከ1951 በፊት የሆነን ነገር ሸሽተው የወጡትን ብቻ ነበር የሚያየው። ይህን ገደብ እ.ኤ.አ. የ1967ቱ ፕሮቶኮል አነሣው።

አፍሪካ ግን ሌላ ጣጣ ነበረባት። የነፃነት ጦርነት ባለበት አገር ሰው የሚሸሸው ማንም በስሙ ፈልጎት አይደለም። ቦምቡ ስም አይጠይቅም። ስለዚህ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አዲስ አበባ ላይ የራሱን ስምምነት አጸደቀ። የውጭ ወረራን፣ በባዕድ መያዝን፣ የባዕድ አገዛዝንና የሕዝብን ጸጥታ ክፉኛ የሚያናጋ ሁኔታን ሸሽቶ የወጣም ስደተኛ ነው አለ። ዓለም ከዚያ በፊት ይህን ያህል ሰፊ ትርጉም በስምምነት አላወጣም ነበር። ልጆቹ «አዲስ አበባ ላይ?» ብለው ይገረማሉ። የእኛ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ሁለቱንም ትርጉሞች ይዟል። ያው አዋጅ ስደተኛ ልጅ አንደኛ ደረጃን እንደ ኢትዮጵያዊ ልጅ እኩል ይማራል ይላል።

ሦስተኛው ድንበር ያልተሻገረውን ሰው የሚመለከተው የካምፓላ ስምምነት ነው። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው፣ ኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ይህን ሁሉ እየደገሙ ከጻፉላቸው ይተኛሉ። ስለዚህ በካርድ ያድርጉት። ደብተር መሐል ወረቀት ቀድደው በእጅ ይጻፉ፤ ኮፒ ማሽን አያሻም። ተማሪዎቹን አሥር አሥር ያድርጓቸው። ዴስክ ማንቀሳቀስ አያስፈልግም፤ ፊት ያሉት ወደ ኋላ ይዙሩ። ሦስቱን ትርጉሞች ሰሌዳው ላይ በአጭሩ ይጻፉ። ትእዛዙ እንዲህ ይሁን፦ «መተማ ድልድይ ላይ የተቀመጣችሁ መዝጋቢዎች ናችሁ። ይህ ሰው ስደተኛ ነው ወይስ አይደለም? በየትኛው ሕግ? ካልሆነስ ኃላፊነቱ የማን ነው?» አዘኔታን የሚጠይቅ ነገር የለውም። ውሳኔ ነው የሚጠየቁት።

አንደኛው ካርድ የካርቱም ሐኪም ናት። ማንም አላስፈራራትም፤ የምትሠራበት ሆስፒታል ተመታና መተማ ደረሰች። በ1951ዱ ትርጉም ብቻ ካየናት ልትወድቅ ትችላለች። በአዲስ አበባው ግን ትገባለች። ልጆቹ ሁለተኛው ስምምነት ለምን እንዳስፈለገ እዚህ ላይ ይገባቸዋል።

ሁለተኛው ከብሔራዊ አገልግሎት የጠፋ ኤርትራዊ ወጣት ነው። በአገሩ ሕግ አገልግሎቱ 18 ወር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998ቱ የድንበር ጦርነት ወዲህ ግን ማብቂያ የሌለው ሆነ። «ወታደርነት ሰልችቶት ነው» የሚል ቡድን ይኖራል። «ቢመለስ ምን ይደርስበታል? ጥሎ መውጣቱ በመንግሥቱ ዓይን ምን ያስብለዋል?» ብለው ይግፏቸው። ተማሪዎ ክፍል ውስጥ ካለች ግን ይህን ካርድ ያውጡት፤ በሶማሊያ ወይም በደቡብ ሱዳን ሰው ይተኩት። እሷ ስትሰማ የእሷን ቢጤ ጉዳይ ድምፅ አይሰጡበትም።

ሦስተኛው ቤቱ ተቃጥሎበት ጎንደር ዘመድ ቤት የተጠጋ ገበሬ ነው። ቦታም ወገንም አይጥቀሱ። አራተኛው ከአርማጭሆ ተነሥቶ በሱዳንና በሊቢያ አድርጎ አውሮፓ ሥራ ሊፈልግ ያሰበ ወጣት ነው። በብዙዎቹ ቡድኖች ዘንድ «ስደተኛ አይደለም» ይባላል፤ ትክክል ናቸው። «ስለዚህ ሊቢያ ውስጥ ቢገርፉት ችግር የለውም?» ብለው ይመልሱላቸው። ፀጥ ይላሉ። ስደተኛ ያልሆነ ሰውም ሰው ነው፤ ከማሠቃየት የመጠበቅ መብቱን ድንበር ላይ አስረክቦ አይሄድም።

አምስተኛው ካርድ ከሁሉም ይጣፍጣል። ሰላማዊ ሰው እንዲገደል ትእዛዝ የሰጠ መኮንን ነው። መንግሥት ተገለበጠበት፣ ቢመለስ ይገደላል፣ ጥገኝነት ይጠይቃል። የ1951ዱ ስምምነት የጦር ወንጀል ወይም በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል እንደሠራ በቂ ምክንያት ያለበትን ሰው በስደተኛነት አያቅፍም። ግን ተይዞ ይገረፍ ወይ? ወደሚገደልበት ይመለስ ወይ? ጊዜ ካለዎት ይህንን በክርክር ያድርጉት፤ ሁለት ጠበቃ፣ ሁለት ዐቃቤ ሕግ፣ ሦስት ዳኛ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚያዘጋጀው የምስለ ፍርድ ቤት ውድድርም አለ። ክበባችሁ ጎበዞቹን ቢያሠለጥን ደስ ይለኛል።

ስድስተኛውን ስም ሳይጠሩ ይጻፉት። «የቤተሰብ ኃላፊ ነው። አገሩን የውጭ ጦር ወረረ። ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከቤተሰቡ ጋር በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጣ። ከዚያ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያ እንግሊዝ። ከአገሩ ውጭ አምስት ዓመት ገደማ ኖረ።» የአንዳንዱ ቡድን ብልጥ ልጅ ይጠረጥራል። ውሳኔያቸውን ካነበቡ በኋላ ይንገሯቸው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። የውጭ ወረራ የሚለው የአዲስ አበባው ትርጉም ቁልጭ አድርጎ ያቅፋቸዋል። ስምምነቱ ሲጸድቅ ደግሞ አስተናጋጁ ንጉሥ ራሳቸው ነበሩ። እኔ ስደተኛ ማለት «ያ ምስኪን» ነው የሚለውን አስተሳሰብ እንደዚህ ካርድ የሚሰብር ነገር አላየሁም።

አሁን ወደ ፈሩት ጥያቄ። «የራሳችን ተፈናቃይ እያለ...» ጥያቄው ነውር የለበትም። ልጁን አያሸማቅቁት። በእኔ እምነት ለዚህ ጥያቄ ጥሩው መልስ ያለው ሦስተኛው ካርድ ላይ ነው። ገበሬው ስደተኛ አይደለም የምንለው መከራው ስላነሰ አይደለም። ዜጋ ስለሆነ ነው። የሚጠይቀው መንግሥት አለው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ምዕራፍ ሦስት፣ ከአንቀጽ 13 እስከ 44፣ የእሱ ነው። የካምፓላው ስምምነትም መንግሥት ሰው እንዳይፈናቀል የመከላከል፣ ከተፈናቀለም የመጠበቅ፣ የመርዳትና ዘላቂ መፍትሔ የማበጀት ግዴታ አለበት ይላል። ስደተኛው ግን «የእኔ መንግሥት» ብሎ የሚጠራው የለውም፤ ወይ ያሳድደዋል፣ ወይ ሊጠብቀው አልቻለም። ሁለቱ ሰዎች የተለያየ በር ነው የሚያንኳኩት። የአንዱን በር መዝጋት ለሌላው አይከፍትለትም። ይህን ያወቀ ተማሪ ለተፈናቃዩም የተሻለ ተከራካሪ ይሆናል፤ «እርዱት» ከማለት አልፎ «ይገባዋል» ይላል።

«ኪራይ ያስወደዱት እነሱ ናቸው» የሚልም አይጠፋም። የቤት ኪራይ የምር ችግር ነው፤ እርስዎም የሚከፍሉት ነው። ንግግሩን አያፍኑት። «ምን ያህሉ በእነሱ ምክንያት ነው? እንዴት አወቅክ? ሥራ እንዲሠሩ ቢፈቀድላቸው ይሻላል ወይስ ይብሳል?» ይበሉት። ስለ ኪራይ ማማረር ይፈቀዳል። ሰውን በብሔሩ ወይም በአገሩ መስደብ አይፈቀድም። መስመሩ እዚህ ላይ እንደሆነ አስቀድመው ይንገሩ፤ ሲታለፍም ያን ጊዜውኑ ያቁሙ። ለነገ አያሳድሩት።

ለቤት ሥራ አንድ ነገር ልጨምር፤ በፈቃደኝነት ብቻ። በጎንደር ብዙ ቤት ውስጥ በ1970ዎቹ ሱዳን ሄዶ የኖረ ሰው አለ። ከቀይ ሽብር የሸሸ፣ ከጦርነቱ የሸሸ፣ በ1977 ድርቅ የወጣ። ገዳሪፍን፣ ኡም ራኩባን የሚያውቁ እማማና አባባ ሞልተዋል። ተማሪው ለአንድ ትልቅ ሰው አራት ጥያቄ ያቅርብ፦ ስትወጡ ምን ይዛችሁ ወጣችሁ? ማን ተቀበላችሁ? ምን ወረቀት ሰጧችሁ? ሥራ መሥራት የቻላችሁት መቼ ነው? ለምን ወጣችሁ አይጠየቅም፤ ከነገሩት ነገሩት። ስም አይጻፍም። ሱዳን የሄደ ዘመድ የሌለው ጎረቤት ይጠይቅ፣ ያ ከሌለ ቤተ መጻሕፍት ይሂድ።

መልሶቹ ሲመጡ አያስነብቧቸው። ሰሌዳውን ሁለት ቦታ ይክፈሉና በግራ የአዛውንቶቹን ነገር፣ በቀኝ የመብቱን ቁጥር ይጻፉ። «የራሽን ካርድ ሰጡን» ከአዋጁ ጋር ይሂድ። «ማሽላ እርሻ በቀን ሥራ ገባሁ» ከሥራ መብት ጋር። «ልጄ እዚያ ተወልዶ ወረቀት ሳያገኝ ቀረ» ከአንቀጽ 15 ጋር። አያት የኖሩት ነገር ቁጥር ሲያገኝ ሕጉ የፈረንጅ ወረቀት መሆኑ ይቀራል።

ካርታ ካለዎት ደግሞ ከፒያሳ ወደ ደባርቅ የሚወጣውን መንገድ ያሳዩአቸው። ከከተማው ብዙ ሳይርቁ ወለቃ ናት። ከእሷና ከአምቦበር ከመሳሰሉ መንደሮች ቤተ እስራኤላውያን በእግራቸው ወደ ሱዳን ወጡ። በመንገድና በመጠለያ 4,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. 8,000 ገደማ የሚሆኑት በምሥጢር በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ያንኑ መንገድ ይዘው አምባ ጊዮርጊስን ሲያልፉ ዳባት ይደርሳሉ። እዚያ አለምዋጭ አለ፤ ትግራይ ውስጥ ከነበሩት ከማይ አይኒና ከአዲ ሐሩሽ መጠለያዎች የወጡ ኤርትራውያን የሰፈሩበት ነው። በአንድ አስፋልት ላይ ወጪም አለ ገቢም አለ። ለዚህ ፕሮጀክተር አያስፈልግም፤ ብዙዎቹ ልጆች መንገዱን በሚኒባስ ያውቁታል።

ስለ ቪዲዮ ካነሣን፣ የሊቢያ እሥር ቤትና የሰመጠ ጀልባ ምስል አያሳዩ። ልጆቹ ስልካቸው ላይ በቂ አይተዋል። ከዚያም በላይ ደላላ ወንድሙን አግቶ ገንዘብ የሚጠይቅበት ተማሪ ክፍልዎ ውስጥ ሊኖር ይችላል። አይነግርዎትም። የአራተኛውን ካርድ ክርክር በዚህ ዓይን እየጠበቁ ይምሩት፤ ፊቱ የተለወጠ ልጅ ካዩ ርእሱን ያዙሩና በኋላ ለብቻው ያግኙት።

ፈተና ላይ «መግለጫው የጸደቀው መቼ ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ ይበቃል። የቀረውን በካርድ ያድርጉት። አዲስ ሰው ይፍጠሩና «ስደተኛ ነው ወይ? በየትኛው ሕግ? ለምን?» ይበሉ። የልጁን ርኅራኄ ሳይሆን ምክንያቱን ያርሙ። «አይደለም» ብሎ በደንብ ያስረዳ ልጅ «ነው፣ ያሳዝናል» ካለው የበለጠ ማርክ ያግኝ።

የቀረው የአለምዋጭ ጉብኝት ነው። ይቅርብዎ። መግቢያ ፈቃድ የሚሰጠው የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ነው፤ የመንገዱም ጸጥታ ለ60 ልጅ ኃላፊነት ለሚወስድ መምህር ቀልድ አይደለም። ፈቃዱም ሰላሙም ቢገኝ እንኳ ሰው ልብሱን በሚያሰጣበት፣ ልጁን በሚያጥብበት ደጅ ላይ ተሰልፎ ማየት ጉብኝት አይባልም። ከዚያ ይልቅ ባለሙያ ያስመጡ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ጎንደር ላይ ቢሮ አለው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም የሕግ ትምህርት ቤት አለው፤ የስደተኛ ሕግ የሚያውቅ መምህር አንድ ክፍለ ጊዜ ይሰጥዎታል። ጥያቄዎቹን ተማሪዎቹ አስቀድመው በወረቀት ይጻፉ፤ እርስዎ ያጥሯቸውና ለእንግዳው ይላኩ። አምስተኛውን ካርድ ይተዉለት፣ እሱ ይፍታው።

ቀኑን በሚመለከት፣ የዓለም የስደተኞች ቀን ሰኔ 13 ነው፤ ያኔ ልጆቹ ፈተና ላይ ናቸው፣ የሚሰማዎት አያገኙም። የሰብዓዊ መብቶች ቀን ግን ታኅሣሥ 1 ነው፤ የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት መሐል ላይ ስለሚውል ይመቻል። እንግዳውን በኅዳር መጀመሪያ በደብዳቤ ከጠየቁ ይደርሳል፤ ደብዳቤውን ግን ርእሰ መምህሩ ይፈርሙበት፤ እግረ መንገድዎንም ልጅቷ ለምን እንደማትወጣ ያስረዷቸው።